አናጢ በይው

ቁልፌ የሚሉት ሰው በሰፈሩ ያልከፈተው በር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባልና ሚስት ተጣልተው አንዱ ቁልፍ ይዞ ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በር ተንኳክቶ ሳይመልሱ ሲቀሩ የሚጠራው እሱ ነው፤ የሠርግ ልብስ ያለበት ሻንጣ አልከፈት ብሎ ሙሽራው በካልሲ ሲንቆራጠጥ የሚጠራውም እሱ ነው። ስለዚህ የሰው ገመና ያውቃል። ማን አልጋው ሥር ጠርሙስ እንደሚደብቅ፣ ማን ሚስቱ ሳታውቅ ሌላ ቤት እንደተከራየ ያውቃል። ያውቃል እንጂ አያወራም። ሙያውን ያስተማረው አማቱ ሲሞት የተወለት አንድ የዛገ ጉጠትና «እጅህ የከፈተውን አፍህ አይድገመው» የሚል ምክር ብቻ ነበር። ጉጠቱ ወዲያው ተሰበረ፤ ምክሩን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ነበር።

ሱቁ መንገድ ዳር ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ ሞረዶች፣ በሽቦ የተሰኩ ያልተቀረጹ ቁልፎች፣ ከሁሉም ላይ ደግሞ ጠረጴዛውንም ፀጉሩንም ቢጫ የሚያደርግ የናስ ብናኝ። በስተግራ ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው፤ ከጣውላው ወዲያ የአናጢው የልኬ መሥሪያ ቤት አለ። ልኬ የተባለው ከመንገድ ማዶ ሰላም ያለውን ሰው ሳይቀር በዓይኑ ቁመቱንና ወርዱን የሚለካ ስለሚመስል ነው። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ሳይተያዩ፣ በጣውላው በኩል ሲሸራደዱ ይውላሉ።

«አንተኮ የምትኖረው ሰው በሰው ስለማይተማመን ነው» ይለዋል ልኬ መጋዙን አቁሞ። «ሰው ሁሉ ደግ ቢሆን ጦምህን ታድር ነበር።»

«አንተስ? ሰው ባይሞት ሳጥን ማን ያዝዝህ ነበር?»

«ለአንተማ አስቀድሜ አዘጋጅቻለሁ። አጭር ስለሆንክ ጣውላ አይፈጅም።»

ታዲያ ይህ ምሥጢረኛ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የአማቱን ምክር አፈረሰ። የመጣው መዘዝ ሁሉ ከዚያ ነው። የሚፈርድበት ግን እሱ የሰማውን ያልሰማ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትሑት ሰው በመኪና መጥቶ፣ ብዙ መቆለፊያ የሚገጠምበት ቤት አለ፣ ዕቃህን ይዘህ ና አለው። የመኪናው የኋላ መስኮቶች በመጋረጃ ተጋርደዋል። ቤቱ ከውጭ ሲታይ የደህና ቤተሰብ መኖሪያ ይመስላል፤ ግቢው ተጠርጓል፣ አበባው ውሃ ጠጥቷል። ውስጡ ግን ረጅም መተላለፊያ ነው፤ በግራም በር፣ በቀኝም በር። ትሑቱ ሰው፣ «መቆለፊያው ሁሉ ከውጭ ይሁን፤ ከውስጥ በኩል ምንም ቀዳዳ አይኑር» አለው። ቁልፌ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጋዘን ሠርቶ ያውቃል። መጋዘን ግን አያስልም። የመጨረሻውን በር ሲበሳ ከወዲያ በኩል ሰው ሳለ፤ ከዚያም ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ትሑቱ ሰው አጠገቡ ቆሟል። ቁልፌ አልመለሰም። መሰርሰሪያውን አስነሣና ሥራውን ጨረሰ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ቁልፌ ይህን ለራሱ ሲጠይቅ ከረመ። ምግብ አልወርድ አለው፣ እንቅልፍ ሸሸው፤ ሚስቱ ጨጓራ ነው ብላ ታስታምመው ነበር።

የእህቱን ልጅ ያሳደጋት እሱ ነው። እናቷ ስትሞት ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ሕፃን ነበረች። አድጋ ሕግ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች፤ ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል። የምታጠናው መንግሥታት ሰውን ሰውረው ሲይዙ በዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች ሕግ ምን እንደሚጠየቁ ነው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስታማርር ሰማት።

«ታስሮ የነበረ ሰው ሲናገር፣ ቂም ይዞ ነው ይሉናል። ዘመድ ሲናገር፣ ሐዘን አሳብዶት ነው ይሉናል። ያልታሰረ፣ ዘመድም ያልሆነ፣ በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ባገኝ፣ አጎቴ፣ አንድ ሰው ብቻ።»

ሚስቱ ሰሃን ይዛ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቀና ነገራት። ማክሰኞ የምትለዋ ላይ ሲደርስ እንባው መጣ። እሷ አጎቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር፤ እጁን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ስምህን አልጽፍም» አለችው በመጨረሻ። «በእኛ ሥራ ይሄ ደንብ ነው። ‹አንድ ቁልፍ ሠሪ› ብዬ አልፋለሁ። ሙያህን ካልጠቀስኩማ ይሄ ሰው ስለ መቆለፊያ ምን ያውቃል ይሉኛል።»

«ስሜንማ ብትጽፊውም የሚያውቀው የለም» ብሎ ቀለደ። እውነቱን ነው፤ ሚስቱ እንኳ በስሙ የጠራችው የተጋቡ ሰሞን ነው። ሁለቱም ሳቁ። ስሙን የማያውቅ ከተማ እሱን የሚያውቀው በሙያው መሆኑን ያን ጊዜ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ጽሑፉ ወጣ። ባዕድ ቋንቋ ስለነበር ዶክተሯ ስለ እሱ ያለውን አንቀጽ እየተረጎመች አነበበችለት። «ቀኑ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከጊዜ ውጭ ተይዟል ማለት ነው» የሚል ነበረበት፤ ቁልፌ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገማት። ደስ አለው። ሸክሙን ሰው ሲያግዘው የሚሰማ ዓይነት ደስታ ነበር። ጨጓራውም ተሻለው፤ ሚስቱ የሰጠሁት ተልባ ነው አለች።

መጀመሪያ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንድ የታወቀ ምሁር ጽሑፉን ጠቀሰው፤ እሱን ያነበቡ ሌሎች ጠቀሱት፤ ከዚያማ ማን ይያዘው። መጠቀስ ምን እንደሆነ ዶክተሯ ስታስረዳው፣ «አንዱ ሲጽፍ የሌላውን ሥራ ይደገፋል፤ ስምህን ከገጹ ግርጌ ያኖራል። ስንት ሰው ተደገፈብህ ነው የእኛ ሚዛን» አለችው። ስልኳ ላይ ቁጥሩ ይታያል። ቁልፌ በመጣች ቁጥር «ስንት ደረሰ?» ይላል፣ የልጅ ቁመት እንደሚጠይቅ ዘመድ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ማዕረጓም ጨመረ፤ ጉባኤ ጠሯት፣ የአውሮፕላን ቲኬት ላኩላት፣ በየአገሩ የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪዎቻቸውን የቁልፍ ሠሪውን ምስክርነት ያስነብቧቸው ጀመር።

አፉ አላርፍ ብሎት አንድ ቀን በጣውላው በኩል፣ «እኔኮ መጽሐፍ ላይ አለሁ» አለ።

«የዕዳ መጽሐፍ ይሆናላ» አለ ልኬ። ነገሩ በዚሁ አለፈ፤ ልኬ ሌላ አልጠየቀም፣ ቁልፌም ሌላ አልጨመረም።

ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። ይህን ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። አንዱ ምሁር ሲጠቅስ «ቁልፍ ሠሪው» ብሎ አለፈ። ሌላዋ፣ ዶክተሯ ጉባኤ ላይ በቃል ያለችውን አስታውሳ፣ «በዕድሜ የገፋ ቁልፍ ሠሪ» አለች። ሦስተኛው፣ ምስክሩ ታማኝ መሆኑን ለማስረዳት ብሎ፣ «አጥኚዋ ከልጅነቷ ጀምራ የምታውቀው» የሚል ጨመረበት። አራተኛዋ ሦስቱንም በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ሰብስባ፣ በጥንቃቄ፣ ምንጫቸውን ጠቅሳ አኖረቻቸው። ሁሉም ጠብታ ጠብታ ነው የጨመሩት፤ ሁሉም ስሙን አልጠሩም፤ ሁሉም ደንቡን ጠብቀዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ቁልፌ ስለ ራሱ የተባለውን ከሁሉ በኋላ ነው የሰማው።

የሰማውም በልኬ ሬዲዮ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ችሎት መንግሥት ላይ ፈርዷል። ተሰውረው የተያዙ ሰዎች የት እንዳሉ ለቤተሰባቸው ይነገር ብሏል፤ ዳኞቹም ውሳኔያቸው ላይ የቁልፍ ሠሪውን ቃል ጠቅሰዋል። ዜናው ቀጠለና የመንግሥት ጠበቃ ተናገረ። «እንዲህ ያለ ቁልፍ ሠሪ ካለ ይቅረብ፤ እኛም ልናየው እንጓጓለን» አለ። ድምፁ የለሰለሰ፣ ሰው ምሳ የሚጋብዝ ይመስል ነበር።

«ሰማህ ቁልፌ?» አለ ልኬ ከጣውላው ወዲያ። «አንተን ነው እንዴ የሚፈልጉት?»

ቁልፌ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ምን ዝም አልክ? ቀልዴን ነው። ከተማው ሙሉ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ አንተን ደግሞ ማን ከሰው ቆጥሮህ።»

በዚያ ፍርድ የተነሣ የተከፈቱ በሮች አሉ። አንዲት እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን ሰምታ ዶክተሯ ቢሮ ድረስ መጥታ ጉልበቷን ስማለች። ቁልፌ ይህን ሲሰማ ደረቱ ሞላ። ግን የዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተራ የሚሠራ አንድ የድሮ የሙያ ጓደኛው ሞረድ ሊዋስ መጥቶ የነገረው ነገር ደረቱን መልሶ አጎደለው።

«ጉድ ነው መቼም» አለው ጓደኛው። «ሁለት ሰዎች መጡና፣ ሕግ የተማረ ዘመድ አለህ ወይ አሉኝ። የእኔ ዘመድ መች ማንበብ ቻለ ብዬ ሳቅሁባቸው። እነሱ ግን አልሳቁም። ገበያው በር ላይ ያለውንም እንዲሁ ጠይቀውታል። አንተስ ዘንድ አልመጡም?»

«አልመጡም» አለ ቁልፌ። ሞረዱን አቀብሎ ሸኘው።

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ሰው መቀመጥ ጀመረ። ሻይ ያዛል፣ ጋዜጣ ይዘረጋል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ጋዜጣውን አይገልጥም። አንድ ቀን ተነሥቶ መጣና አንዲት ቁልፍ አስቀረጸ፤ ሲጠብቅ ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን፣ የእህቱ ልጅ ስትመረቅ የተነሣችውን ፎቶ አየ። «ልጅዎ ናት?» አለ። ቁልፌ «የጎረቤት ልጅ ናት» አለ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ቁልፌ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ ጀርባውን አዙሮ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ከከተተው በኋላ ደግሞ ባዶ ቦታው የባሰ ይናገራል ብሎ ተጨነቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው።

ዶክተሯን በሰው አስጠራት። መጣች፤ ከሱቁ ውስጥ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ቆመች። ሁሉንም ሲነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ብልህ ልጅ ናት፤ የት እንደተሳሳተች እስኪነግራት አልጠበቀችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ስም መደበቅ ሰው መደበቅ መስሎኝ።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«ጽሑፉን ልመልሰው አልችልም፤ እልፍ ቦታ ተጠቅሷል። ግን መጽሐፍ ላደርገው ነው። ምንጭን ለመጠበቅ ሲባል ዝርዝር መለወጥ በእኛ ዘንድ ይፈቀዳል። ማረሚያም ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት እልካለሁ። ምስክሩ ቁልፍ ሠሪ አይደለም፣ ለጥንቃቄ ብለን ነው እንዲያ ያልነው እላለሁ። በሩ አጠገብ የሠራ ሌላ ባለሙያ መሆን አለበት። ማን ልበለው?»

ከጣውላው ወዲያ መጋዙ ያንጎራጉራል። ቁልፌ አላሰበም። ቢያስብ ኖሮ አይለውም ነበር፤ ይህን በእሱ ፈንታ መማል ይቻላል። የፈራ ሰው አፍ ቅርቡ ያለውን ነው የሚያነሣው።

«አናጢ በይው» አለ።

እሷም አላሰበችም። በከተማው ያለው አናጢ ብዙ ነው ብላ ይሆናል፣ ወይም አጎቷን ለማትረፍ ልቧ ታውሮ ይሆናል። አናጢ ብላ ጻፈች። መጋዙ ሥራውን ቀጠለ።

ማረሚያው ወጣ። ከጽሑፉ ይልቅ ማረሚያው ፈጠነ፤ ምሁር መቼም ስህተት ሲታረም ደስ ይለዋል፣ በተለይ የሌላ ሰው ስህተት ሲሆን። ጽሑፉን የጠቀሱት ሁሉ ማረሚያውንም ጠቀሱት። ቁልፍ ሠሪው ከየገጹ ግርጌ ወጣና አናጢው ገባ። የሻይ ቤቱ ሰውም ከዚያ በኋላ አልታየም። ቁልፌን እንቅልፍ ያዘው፤ ሰውነቱ መለስ አለ፤ ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰቀለው። ልኬን ሻይ ጋበዘው፣ ሳይጠየቅ የበሩን ማጠፊያ አደሰለት፣ የመሥሪያ ቤቱን መቆለፊያ በአዲስ ለወጠለት።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ ልኬ። «ልትሞት ነው እንዴ እንዲህ ደግ የሆንከው?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አለ ቁልፌ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ልኬ ምኑን ይጠርጥር? ልኬ ዕድሜውን ሙሉ የጠረጠረው ነገር ቢኖር እርጥብ ጣውላ ነው።

አንድ ጠዋት ቁልፌ ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ፣ ማሽኑን አስነሣ፣ አንድ ቁልፍ ቀረጸ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። አንድ ነገር ጎደለው። ማሽኑን ሲያጠፋ ምን እንደጎደለ ገባው፤ ከጣውላው ወዲያ ድምፅ የለም። መጋዝ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ሳል የለም። ወጥቶ አየ። የልኬ በር ተዘግቷል፣ እሱ ራሱ የገጠመው አዲስ መቆለፊያ ተንጠልጥሏል።

የልኬ ሚስት ከሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው እንደ ሐዘንተኛ ነው፤ ዓይኗ ግን ደርቋል። በርጩማ ቢያቀርብላት አልተቀመጠችም።

«ወሰዱት» አለች። «ከቤት፣ ቁርስ ላይ ሳለን። ስለ በር ነው የሚጠይቁት። የየትኛው ቤት በር እንደሆነ እኔ ምን አውቄ። እሱ፣ የማላውቀው ቤት ነው፣ እግሬ ረግጦት አያውቅም ይላቸዋል። እነሱ፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል ይሉታል። የእኔ ባል መጽሐፍ ላይ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ?»

ቁልፌ በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰው።

«አንድ ነገር ግን አላቸው» አለች። «ሲያወጡት ቆሞ፣ ‹ቁልፌን ጠይቁት፤ የሠራሁትን ሥራ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱ ይመሰክርልኛል› አላቸው። ስምህን ሲጠራ ትንሽ ተረጋጋ። ይመጣሉ አንተ ዘንድ። እባክህ፣ አደራ።»

አደራ ስትል ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትይዝ ነበር። ከለከላት። ከሄደች በኋላ ጣውላውን ተደግፎ፣ ለሻይ ቤቱ ሰው «የጎረቤት ልጅ ናት» ማለቱን አስታወሰ። ያን ቀን ራሱን ጠላ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለውም።

ዶክተሯ ስትሰማ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ግን ስልኳን ይዛ መሥራት ጀመረች፤ እንዲያ ነው አስተዳደጓ። በማግሥቱ ቤቱ መጣችና፣ «ለአንተ መንገድ አግኝቻለሁ» አለችው። ጽሑፏን የጠቀሱ ሰዎች ናቸው፤ በሌላ አገር ያስተምራሉ፣ ስሟን ያከብራሉ፣ አጎቷን ከነሚስቱ ሊቀበሉ ተስማምተዋል። መኪናው ሐሙስ ይመጣል። ለአናጢው ደግሞ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መግለጫ ያወጣሉ።

«መግለጫው ምን ይላል?»

«በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ አናጢ ይፈታ ይላል።»

«አናጢ» አለ ቁልፌ። «አሁንም አናጢ?»

ለሁለቱም የታያቸው አንድ ነገር ነው። ዓለም ስለ አናጢው በጮኸ ቁጥር አናጢው ምስክር መሆኑ ይረጋገጣል።

«ማረሚያውን ላርመው?» አለች፣ ድምፇ እየሳሳ። «አናጢ አይደለም ብል አንተ ነህ የምትቀረው። እንደገና ሌላ ሙያ ብል ሌላ ሰው ይያዛል። አጎቴ፣ ሐሙስ ውጣ። ከወጣህ በኋላ እውነቱን እጽፈዋለሁ።»

«እስከዚያ ልኬስ?»

ሚስቱ ልብስ ማጠፍ ጀምራ ነበር። ነገሩን የሰማችው ገና በዚያ ሳምንት ነው፤ አልተቆጣችውም፣ አልወቀሰችውም፣ ተልባውን ግን ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አንድ ትሑት ድምፅ፣ ጎረቤትዎ ምስክር አድርጎ ጠርቶዎታል፣ ብቅ ቢሉ አለው። ሚስቱ ቀሚሷን ሳትለውጥ አብራው ወጣች። መንገድ ላይ ክንዱን ይዛ፣ «ጥሩ ጎረቤት ነው፣ ሌላ አላውቅም በል» አለችው። «ይሄ ውሸት አይደለም። ነገ ሐሙስ ነው። አላውቅም በል፣ የኔ ጌታ።»

«እሺ» አላት። የምሩን ነበር። እሱ የተጠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ካለ ዛፍ ሥር ቆማ ቀረች።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ጠያቂው ከእህቱ ልጅ የማይበልጥ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ሲገባ ብድግ አለለት። «አባባ፣ ደረጃው አደከመዎት አይደል፤ ይቀመጡ» አለው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተከምሯል። ቁልፌ ባዕድ ፊደል ባያነብም የእህቱን ልጅ ስም መልኩን ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ወረቀት ላይ አየው። ገጾቹ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በቀይ ቀለም ተሰምሮባቸዋል። ግርጌ ግርጌው ላይ ነው የተሰመረው።

«ይህችን አጥኚ አደንቃታለሁ» አለ ጠያቂው። «እውነቴን ነው። የጻፈችውን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ የጠቀሷትንም አንድ ሳይቀር። መጀመሪያ ቁልፍ ሠሪ አለች፣ ቀጥላ አናጢ አለች። የሚዋሽም ሰው ቃሉን ይለውጣል፣ ሰው የሚደብቅም ቃሉን ይለውጣል። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ጎረቤትዎ እዚያ ቤት አልሠራሁም ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«አልሠራም።»

«በምን አወቁ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጎረቤቴ ነው። ሲሠራ ይሰማኛል።»

«ወጥቶ የሠራውስ?»

ቁልፌ የተሰመረባቸውን ገጾች አየ።

«ገባኝ» አለ ጠያቂው፣ በርኅራኄ። «ይሄ የጎረቤት ፍቅር ነው፤ ያስከብርዎታል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሌላ የሚያውቁት ነገር ከሌለ እንግዲህ ይሂዱ። ባለቤትዎ ውጭ ቆመው ይጠብቁዎታል። አናጢው እዚሁ ይቆያል።»

ቁልፌ ተነሣ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አልያዘውም። ጉልበቱ ለመሄድ ሲቸኩል ተሰማው፤ በመደሰቱ አፈረ። በመተላለፊያው መስኮት በኩል ሚስቱ ከዛፉ ሥር ታየችው፤ ወደ ሕንፃው በር ነው የምታየው። ከዚህ እስከ እሷ ጥቂት ደረጃ ነው፤ ከእሷ እስከ ሐሙስ አንድ ሌሊት። ልኬ ግን ቁርሱን ትቶ ሲቆም፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጦ የጠራው እሱን ነው። ጠርቶም ተረጋግቷል። ቁልፌ በሩ ላይ ደርሶ ዞረ።

«በሮቹ የብረት ናቸው» አለ።

ጠያቂው ከሚጽፈው ቀና አለ።

«ከነመቃናቸው ብረት ናቸው። ተበይደው የመጡ ናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ እንጨት የሚባል በር የለም፤ አናጢ ምን ሊሠራ ይገባል? መቆለፊያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የሠራ ሰው አልነበረም።»

ጠያቂው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ ከቢጫው ወደ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ፣ ጣቱን በየግርጌው እያሄደ። የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ይሄ እዚህ የለም» አለ በመጨረሻ። «ብረት መሆናቸውን የጻፈ አንድም ሰው የለም።»

«የጠየቀኝ አልነበረም» አለ ቁልፌ። «አሁን ልኬን ትለቁታላችሁ?»

ጠያቂው መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱ ላይ አኖረው። ተነሥቶ በቁልፌ አጠገብ አልፎ በሩን ዘጋ። ወደ ወንበሩ ተመለሰና ብዕሩን አነሣ።

«ተቀመጥ» አለው።